ከአያሌው ኩታ ጀርባ

ኩታዋን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እሷን ከበር መለሷት። ቦጋለች በዕድሜዋ ብዙ ችላለች፤ ክፉ ዘመን ችላለች፣ ልጅ ቀብራለች፣ ባል ቀብራለች። ልብሷ ከገባበት ቤት «አንቺ ውጪ» ስትባል ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ዘበኛ ፈንታው ዱላውን ደረቷ ፊት አጋድሞ ቆሟል። ከውስጥ የልጆች ጫጫታና የሚጎተት ወንበር ጩኸት ይሰማል። እሷ ደግሞ ሰው ፊት ልቀርብ ነው ብላ ጧት የተቀባችው ቅቤ በፀሐይ ቀልጦ በጆሮዋ ሥር እየወረደ ነው።

«ፊልሙ ለተማሪ ብቻ ነው ተባለ፣ ቦጋለች። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ይገባታል ተባለ።»

«ማን ነው ያለ?»

«እኔ እንጃ። ተባለ።»

«ተባለ የሚባል ሰው አላውቅም። የማን ልጅ ነው?»

ፈንታው ሳቁን በጢሙ ውስጥ ዋጠ፤ ዱላውን ግን አላነሣም። «ምን ላድርግሽ፣ የታዘዝሁትን ነው።»

«ዓይኔ ፊደል አልቆጠረም እንጂ አልጠፋም። ደግሞስ የሚያዩት በማን ልብስ ላይ ነው?»

«እሱስ ባንቺ ልብስ ነው።»

«እና?»

«እናማ ልብሱ ገብቷል።»

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዕለት ጧት ነው። ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ መኪና የሚመጣው በበጋ ብቻ ነበር፤ ሲመጣም ከተማው ሥራ ፈቶ ይወጣል። ልጆች የጎማውን ዱካ በስንዝራቸው ይለካሉ፤ ቄሶቹ ሳይቀሩ በጥላቸው ሥር ቆም ብለው ያያሉ። ዛሬ መኪና ቢያልፍ ዶሮም አትሸሽ፤ ያን ጊዜ ግን የቤንዚኑ ሽታ ብቻ በዓል በዓል ይል ነበር። የዚያን ዕለት የመጣችው ደግሞ ፊልም የጫነች ናት። በየአውራጃው እየዞረች ለተማሪ የምታሳይ፣ ከኋላዋ የመብራት ሞተር ያላት፣ ጎኗ ላይ ጽሕፈት ያለባት መኪና። ምን ያደርጋል፣ ወንዝ ስትሻገር ውሃ ገብቶባት ፊልሙ የሚታይበት ነጭ ሸራ ጭቃ ጠጥቶ እንደ ከረመ ጆንያ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሥዩም፣ ከረባቱን ከማይፈታ በቀር ክፋት የሌለበት ወጣት፣ ሰፊና ነጭ ልብስ፣ ጥለት የሌለው፣ በቶሎ ፈልጉ ብሎ ሰው ላከ። በከተማው ልብስ ሞልቷል። ግን አንዱ ጋቢ ጭስ ጠጥቷል፣ ሌላው በእንዶድ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፣ የሀብታሞቹ ደግሞ ጥለቱ ዓይን ይወጋል። በመጨረሻ አንዲት ሴት «ያ ሸማኔው አያሌው ለሚስቱ የሠራላት አለ» ብላ አስታወሰች። ሰው ሸማኔን የሚያስታውሰው ሲበርደው ነው።

በዚያች ሰዓት ቦጋለችና የልጅ ልጇ ታንጉ ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ቁርሱ ትናንት የተረፈ የገብስ ቂጣ ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነች። በአንዱ ጥግ መደብ፣ በሌላው ጥግ የእህል ጎታ፣ በሩ አጠገብ ብርሃን ከሚገባበት ዘንድ ደግሞ አያሌው እግሩን ሰዶ ይሸምንበት የነበረው ጉድጓድ አለ። እሱ ከሞተ በኋላ ጎረቤት ሁሉ «ድፈኚው፣ ሰው ይሰበርበታል» አላት። አልደፈነችውም፤ ሳንቃ አጋድማ ከደነችው። በሳንቃው ላይ ማንም እንዲቀመጥ አትፈቅድም። ታንጉ እናቷ ከሞተች ጀምሮ በዚህች ክፍል ያደገች፣ በዚያ ቤት ታሪክ ፊደል የቆጠረች የመጀመሪያዋ ሰው ናት፤ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። ልጅቱ ቂጣዋን ቆርሳ ሳትበላው ቆየች።

«እምዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ አልሄድም።»

«የት?»

«ትምህርት ቤት።»

ቦጋለች ማኘኳን አቆመች። «ምን ሆነሽ?»

ታንጉ የቆረሰችውን መልሳ አኖረችው።

«ከላቀች ጋር ተጣላሽ?» ላቀች የጨው ነጋዴው ልጅ ናት። ታንጉ ሁልጊዜ «ከላቀች ጋር አንድ ወንበር ላይ ነን» ትላታለች፤ ቦጋለችም ያንን ወሬ በገበያ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስትነግር ኖራለች።

«አልተጣላሁም። ቤት ሆኜ እፈትላለሁ።»

«ለመፍተል እኔ አላነስሁም» አለች ቦጋለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። ቂጣው በመካከላቸው ደረቀ። አያትና የልጅ ልጅ ቁጣ ሲይዛቸው አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገር የተሸነፈ ይመስላቸዋል። ቦጋለች ብዙ ነገር ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ የሚመጣውን መልስ ፈርታ እንደሆነ ለራሷም ሳትነግር ተወችው። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ ከወጣች በኋላ ነው ፈንታው ከደጅ ያሳለው።

«ቦጋለች፣ ዲሬክተሩ ልብስ ፈልጎ ነው። ያን የአያሌውን ኩታ።»

«አያሌው የሞተ ዕለት ለቀብር የመጣውን ሰው አስታውሰዋለሁ፤ ከቃሬዛ ተሸካሚው አይበልጥም። ልብሱን የሚፈልገው ስንት ነው?»

«ትምህርት ቤት ሙሉ።»

«እሰይ። ሞቶ ዘመድ አበዛ።»

ኩታውን ከሣጥን ስታወጣው እጇ ዘገየ። የአያሌው የመጨረሻ ሥራ ነው። ጥጡን ከቆላ የወጡ ነጋዴዎች አመጡት፤ እሷ ዳምጣ፣ ነድፋ፣ አመልማሎ አድርጋ፣ ክረምቱን ሙሉ ፈተለችው። እሱ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ዝናቡ ከሣሩ ክዳን ላይ ሲንጠባጠብ፣ ድሩን ከማጉ እያገናኘ ሸመነው። መወርወሪያው ወደ ቀኝ ሲሄድ «ቦጋ» ይላል፣ ወደ ግራ ሲመለስ «ለች» ይላል እያለ ያሾፍባት ነበር። እሷም «አንተ የምትጠራኝ ሥራ ሲይዝህ ነው፤ ራት ሲደርስ ስሜ ይጠፋሃል» ትለዋለች። እንዲህ ያለው ቀን ሲኖሩት ተራ ነው፤ ካለፈ በኋላ ግን ሰው በሌሊት ልብሱ ውስጥ ሆኖ የሚሞቀው በእሱ ነው። ጥለት ላግባበት ወይ ብሎ ሲጠይቃት «ለመገነዣ ጥለት ምን ያደርጋል? እዚያ ማን ያየኛል?» አለችው። «እኔ አለሁ እኮ» አላት። ሳይውል ሳያድር ቀደማት። እሱን በአሮጌ ጋቢው ገነዙት፤ አዲሱን «የእሷ ነው፣ እንዳትነኩት» ብሎ ነበር። ከተማው በእሱ እጅ የተሠራውን ለብሶ ቅዳሴ ይቆማል፣ ልጁን ይድራል፤ እሱን ግን በመንገድ ሲያገኙት «ቁጢት በጣሽ» እያሉ በሸማኔ ስድብ ይሰድቡታል፣ ሕፃን የያዘች ሴት ቡዳ ነው ብላ የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። አያሌው ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ቦጋለች ግን ሳትመልስ ያሳለፈችው ሰው የለም፤ የእሷን ምላስ የፈራ ገበያውን በሌላ ጎን ይዞር ነበር።

መገነዣዋ መሆኑን ለፈንታው አልነገረችውም። የሰጠችው ለታንጉ ብላ ነው። ልጅቱ ከላቀች ጋር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የአያቷን ሥራ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያየው ትይ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድም አትልም አለች በልቧ። «እኔም ገብቼ አየዋለሁ» ብላ ነበር ስታስረክበው። ፈንታውም «እሱማ ምን ገዶ» ብሏት ነበር።

እነሆ ምን ገዶ። በሩ ተዘጋባት።

ሌላ ሴት ብትሆን ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ቦጋለች ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለፈንታው ጀርባዋን ሰጥታ፣ የምትሄድ መስላ በአጥሩ ዞረች። ያ ክፍል ዛሬ የለም፤ ቆርቆሮው ለሌላ ቤት ሄዷል፣ ግድግዳው ፈርሶ ቦታው ላይ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። ያን ጊዜ ግን የከተማው ትልቁ ቤት እሱ ነበር። መስኮቶቹ በፊት በኩል ናቸው፤ በኋላው ግድግዳ ዘበኛው ማገዶ የሚያስገባባት አንዲት ጠባብ በር አለች። ክፍሉን ለማጨለም መስኮቶቹን በጋቢ ጋርደው፣ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ኋላ አዙረው፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ አድርገው ገመድ ወጥረው ኩታውን ሰቅለዋል። ቦጋለች ጠባቧን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ከኩታዋ ጀርባ ወጣች።

ጨለማው ለዓይኗ እስኪገለጥ ቆመች። ከዚያ፣ በኩታውና በግድግዳው መካከል፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ልጅ አየች።

«ታንጉ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለች በሹክሹክታ።

ልጅቱ ደነገጠች፤ ግን አልተነሣችም። «ቦታዬ ነው፣ እምዬ።»

«የምን ቦታ?»

ታንጉ የተቀመጠችበትን ድንጋይ ዳበሰችው። ቦጋለችም ጎንበስ ብላ ዳበሰችው። ድንጋዩ ልስልስ ብሏል፣ ጫፉ ተሞርዷል፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደፍ። አንድ ቀን የተቀመጡበት ድንጋይ እንደዚያ አይለሰልስም። ወንበሩን ሲያዞሩ፣ ገመዱን ሲወጥሩ፣ ኩታውን ሲሰቅሉ፣ ልጅቱን «ወዲህ ነይ» ያላት ሰው አልነበረም። እሷም እንደ ሁልጊዜዋ መጥታ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች፤ ፊልሙ በወዲያ በኩል ሆነ።

«ላቀች ሆዷን ያመማት ጊዜ እናቷ መጣች» አለች ታንጉ። «የሸማኔው ዘር በልታት ነው አለች። ዲሬክተሩ ለጊዜው እዚያ ሁኚ አለኝ።»

«መቼ?»

«ለመስቀል።»

ፋሲካ አልፏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ቦጋለች ይህን ሁሉ ወር በየገበያው ስለ ላቀች ወንበር ስታወራ የሰማት ሰው ምን ብሎ ይሆን?

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ትመጫለሽ ብዬ።»

ልጅቱ የፈራችው ድንጋዩን አልነበረም፤ የአያቷ አንገት ሲደፋ ማየትን ነው። አሮጊቷ ነጠላዋን ሰብስባ መሬቱ ላይ ከታንጉ ጎን ቁጭ አለች። ጉልበቷ ጮኸ።

ከደጅ ሞተሩ አጓራ፤ ኩታው በራ። ድርና ማጉ አንድ በአንድ ታየ፤ እሷ የፈተለችው ክር ሁሉ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ብርሃን ጠጥቶ ቆመ። ከዚያ ክሩ ጠፋና ሰዎች መጡበት። ወዲያ በኩል ያሉት ልጆች በአንድ አፍ «ውይ!» አሉ። ቦጋለች ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ነጭ ይመስላት ነበር፤ እነዚህ ግን ጥቁሮች ናቸው። አንዷ ባልቴት፣ የታጠበ ልብስ ጠቅልላ በብብቷ የያዘች፣ ስማዳ ያለችውን አክስቷን ቁርጥ።

«የዚያ አገር ሰው ሁሉ ግራኝ ነው እንዴ?» አለች ለታንጉ። «ተመልከቻት፣ በሯን በግራዋ ቆለፈች።»

«ከጀርባ ስለምናይ ነው፣ እምዬ።»

ከመኪናው ጋር የመጣው ሰውዬ በውጭ ቋንቋ የሚነገረውን ጮክ ብሎ ይተረጉማል። «በዚያ አገር ጥቁር ሰው አውቶቡስ ሲሳፈር ከኋላ ነው የሚቀመጥ። ከፊት ባዶ ወንበር ቢኖር እንኳ አይፈቀድለትም። አንድ ቀን በቃን አሉ። አውቶቡሱን ትተው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። እዩዋት ይህችን እናት፤ የሰው ልብስ አጣቢ ናት። እሷ ያጠበችውን ይለብሳሉ፣ አጠገባቸው ስትቀመጥ ግን ይጠየፋሉ።»

ቦጋለች በጨለማ ታንጉን አየቻት። ታንጉ አላየቻትም፤ ዓይኗ ኩታው ላይ ተተክሏል። ባልቴቷ ትሄዳለች። ይዘንባል፣ ትሄዳለች። ጫማዋ ተቀዷል። አውቶቡሱ ባዶውን ባጠገቧ ያልፋል፤ ዞር ብላ አታየውም። ያረማመዷ ኩራት ቦጋለችን ደስ አላት፤ «እንዲያ ነው» አለች ሳታስበው። ቀጥሎ ወጣቶች መጡ፣ ወንድም ሴትም፣ እንደ ታንጉ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየዘመሩ፤ ውሻ የያዙ ፖሊሶች ገቡባቸው። ወዲያ በኩል ያለው ሳቅና ጉርምርምታ ቀስ በቀስ ጠፋ። በዚያ ጸጥታ መካከል ነው ከትንንሾቹ አንዱ የጠየቀው።

«ጋሼ፣ ቡዳ ናቸው እንዴ?»

ሰውዬው ከሩቅ የመጣ ነውና ሳቀ። «አይ ልጄ፣ እዚያ አገር ቡዳ የሚባል የለም። ብቻ እናንተ በጠጣችሁበት አንጠጣም፣ አጠገባችን ከተቀመጣችሁ አንድ ነገር እንሆናለን ይሏቸዋል።»

«ሆኑ እንዴ?»

«ምን?»

«አጠገባቸው የተቀመጡት። ታመሙ?»

«ማንም አልታመመ።»

የልጆቹ ሁሉ ዓይን ኩታው ላይ ነበር፤ ከኩታው ጀርባ ማን እንዳለችም ሁሉም ያውቃሉ። ታንጉ አንገቷን ደፍታ ድንጋይዋ ላይ ኩምትር አለች፤ ካለችበት የባሰ የምትደበቅበት ፈልጋ ያጣች ትመስላለች።

ቦጋለች ተነሣች። ባልቴቷ አሁን ከሰልፈኞቹ ጋር ኩታው ላይ እየሄደች ነው፤ ትከሻዋን በመዳፏ ነካችው፤ ክሩ ሞቅ ብሏል። ከዚያ የገመዱን ቋጠሮ ፈታችው።

ኩታው ወረደ፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ፈሰሰ። ሰልፈኞቹ በእሷ ነጠላ፣ በታንጉ ግንባር፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ እየተንቀጠቀጡ አለፉ። አንዲት ልጅ ጮኸች። ዲሬክተሩ ሥዩም ወንበር እየገፋ መጣ።

«እማማ ቦጋለች! ምን አደረጉ?»

«ልብሴን ወሰድሁ።»

«ኧረ እማማ፣ ልጆቹ ትልቅ ቁም ነገር እያዩ ነው! ስለ ሰው መብት ነው እኮ!»

«አይቼዋለሁ። ከዚህ በኩልም ይታያል። እንዲያውም በደንብ የሚታየው ከዚህ በኩል ነው።» ኩታውን ደረቷ ላይ እየሰበሰበች ወደ ወንበሮቹ ዞረች። «ይህ መገነዣዬ ነው። አያሌው ነው የሠራው፤ እናንተ ቁጢት በጣሽ የምትሉት። በእሱ ልብስ ላይ ለባሕር ማዶው ሰው አዘናችሁ፤ የእሱን የልጅ ልጅ ድንጋይ ላይ አስቀምጣችሁ።»

መገነዣ የሚለውን ሲሰሙ ልጆቹ አማተቡ፤ ከመኪናው ጋር የመጣው ተርጓሚም ኮፍያውን አወለቀ። ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ ብድግ አለች፤ ላቀች ናት። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«እኔ ያን ጊዜ ያመመኝ እሸት ባቄላ አብዝቼ በልቼ ነው» አለች። «ለእማዬ ፈርቼ አልነገርኋትም።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ክፋት አልነበረበትም፤ የታፈነ ነገር ሲተነፍስ የሚሰማ ዓይነት ነበር። ላቀች አጠገቧ ያለውን ልጅ በክርኗ ገፍታ ቦታ አስለቀቀች። «ታንጉ፣ ነይ።»

ታንጉ አያቷን አየች። ቦጋለች በዓይኗ «ሂጂ» አለቻት። ልጅቱ በብርሃኑ መካከል አልፋ፣ የሰልፈኞቹ ጥላ በጀርባዋ ላይ እየሄደ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ላቀች ደግሞ ወደ ውስጥ ጎተተቻት።

ሥዩም ትንፋሹ መለስ አለ፤ ከረባቱንም ያዝ አድርጎ ፈገግ አለ። «በሉ እንግዲህ፣ ተፈጸመ። ይኸው ተቀመጠች። አሁን ኩታውን እንስቀለው፣ እማማ፤ መኪናዋ ሳይመሽ መመለስ አለባት።» እጁን ዘረጋ።

ቦጋለች ኩታውን አልሰጠችውም። የአያሌውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ወጣቱን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው።

«ዛሬ የተቀመጠችው ልብሴ ስላስፈለገህ ነው፤ ሰኞ ልብሴ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ሰኞ እናቶቹ መጥተው ሲጮሁብህ ይህች ልጅ የት ነው የምትቀመጥ? ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ፊትህን አዙርና ለእነዚህ ልጆች ንገራቸው። ከዚያ ይህን ድንጋይ አንተው ተሸክመህ ከደጅ አውጣው። ኩታውን ያኔ እሰጥሃለሁ።»